ሚስ ሩትን ሞጣ ያደረስኩበት ቀን

ዘመኑ ፲፱፻፷፫ ነው፤ እኔ የአርባ ሁለት ዓመት ሰው። ቢቸና ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርኩ። ጽሕፈቴ ከፊደልና ከዳዊት አያልፍም፤ ስለዚህ ያየሁትን እንዳየሁት ነው የምጽፈው። አሳምሮ የሚጽፍ የፈለገ ሌላ ሰው ይፈልግ።

ሚስትም ልጅም አልነበረኝም። ያለችኝ ታላቅ እኅቴ ጥሩወርቅ ብቻ ናት። እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ሞጣ ተድራ ትኖራለች። ከመስቀል ወዲህ ታማለች የሚል ወሬ እየመጣ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ዲሬክተሩን ፈቃድ ብለምነው በሩን ማን ይጠብቃል አለኝ፤ ደግሜ ብለምነውም ያንኑ አለኝ። ኅዳር ላይ፣ አንድ ዓርብ ማታ፣ ራሱ ቤቴ ድረስ መጣ። ነገ ሚስ ሩትን ሞጣ ወስደህ አሳያት፣ አገር ማየት ትፈልጋለች፣ በዚያው እኅትህን ትጠይቃለህ አለኝ። ደስ ብሎኝ ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዞ አነሣኝ።

ሚስ ሩት ከባሕር ማዶ የመጣች ልጅ ናት። ለአንድ ዓመት የእንግሊዝኛውን አስተማሪ ልታግዝ ነው የመጣችው፤ እግረ መንገዷን አማርኛ ትማራለች። ሌላው ሰው እርስዎ ይላታል። እኔ ልጄ ልትሆን የምትችለውን አንቺ ነው ያልኳት፤ እሷም ወደደችው።

ንጋት፣ ቢቸና

ወፍ ሲንጫጫ ገበያው ዳር ቆመናል። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የአበጀ የጭነት መኪና ጨውና ቆርቆሮ ጭኖ፣ ከጭነቱ ላይ ደግሞ ሰው ጭኖ ይጠብቃል። አበጀ የታወቀ ተረበኛ ሾፌር ነው። ግትርነቴን ስለሚያውቅ፣ አያ ደምሴ የተሳፈረበት መኪና እንደ በቅሎ ይገግማል እያለ ሰውን ያስቅብኝ ነበር። ያን ቀን ምንም አላለኝም። በሩን ራሱ ከፍቶ "አያ ደምሴ፣ ጋቢና ግቡ" አለኝ። ዘበኛ ጋቢና ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። የሚስ ሩት ክብር ለእኔም ተረፈ ብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ከላይ ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን ቆረጡ።

ረፋድ፣ ደብረ ወርቅ

መንገዱ ድንጋይና አቧራ ነው። ግራና ቀኙ የደረሰ ጤፍ፣ ማጭድ የያዘ ደቦ፣ አውድማ ላይ የሚዞር በሬ። ሚስ ሩት ሁሉን በጣቷ እያሳየች ትጠይቃለች። ነዶ እላታለሁ፤ ነዶ ትላለች። ክምር፣ መንሽ፣ ገለባ። አንዱም አያመልጣት። አንዳንዴ ግን ፊቴን አየት አድርጋ ዝም ትላለች፤ መኪናው ያንገላታት መሰለኝ።

ደብረ ወርቅ ስንደርስ ማርያምን ከታች ተሳለምንና ብዙነሽ ቤት ገባን። ብዙነሽ ጠላ ትሸጣለች፤ የሞጣ ተወላጅ ናት፤ ከጥሩወርቅ ጋር አብረው ነው ያደጉት። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ስለ እኅቴ ስትጠይቀኝ ሌላው ጠጪ ይጠማል። ያን ቀን አልጠየቀችኝም። ዳቦ ቆርሳ አጎረሰችኝና ፊቷን አዞረች። ምን ሆነሽ ነው ብላት ጭሱ ነው አለች። ጭስ እንዲወጣ ጣሪያሽን ክፈች ያልኩሽን አልሰማ ብለሽ ነው ብዬ ተከራከርኳት። የጠላውንም ዋጋ አልቀበልም አለች።

እኔ በልቤ ያለው ሞጣ ብቻ ነው። በሕይወት ደርሼባት እጇን ብይዝ፤ ሌላ አልፈለግሁም።

ቀትር፣ ጉንደ ወይንን አልፎ

ጎማ ፈነዳ። ሰው ወርዶ ጥላ ፈለገ። አበጀ መኪናው ሥር ገባ። ሚስ ሩት ከግራር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ አዲስ ነገር ስታጠና እንዲህ ናት። ጠጋ ብዬ ሰማሁ።

"እግዚአብሔር ያጥናዎ። እግዚአብሔር ያጥናዎ።"

ቃሉን አልሳተችም። ግን አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ልክ እንደ ተማሪ ነው የምትለው። "እሱ እንዲህ አይባልም" አልኳት። "አንገትሽን ደፋ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ነው። ሐዘንተኛ ፊት ነው የምትቆሚው።"

አንገቷን ደፍታ፣ ቀስ ብላ አለችው።

"እሰይ። ማን አስጠናሽ?"

"ዲሬክተሩ።"

"ለማን ልትይው ነው?"

ዓይኗ ሞላ። "ለነገ ጠዋት ነው፣ አያ ደምሴ" አለችኝ።

አበጀ ከመኪናው ሥር ወጥቶ ቆሟል። አየሁት፤ መሬት መሬት አየ። ጋቢናው፣ ዝምታው፣ የብዙነሽ ጭስ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ። አገር ላሳያት የወሰድኳት መስሎኝ፣ ለካ ለመርዶ የተወሰድኩት እኔ ነኝ።

በእኛ አገር መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰውየው ራሱን እንዳይጎዳ ግራ ቀኝ ተይዞ ነው የሚነገረው። ያለ ቦታው የነገረ ሰው በክፉ ስሙ ሲነሣ ይኖራል። ይህች የሰው አገር ልጅ ይህን ከየት ታውቀው? ዝም በይ ብለዋታል፤ ዝምም ብላለች። ጠይቄ ያወጣጣሁት እኔ ነኝ።

"መቼ ነው?" አልኩት አበጀን።

"ረቡዕ ተቀበሩ።"

ከዚያ "አበጀ፣ እኔ አልሰማሁም። አንተም አልሰማህም" አልኩት። ወደ ሚስ ሩት ዞሬ "አንቺም አልነገርሽኝም" አልኳት። ጎማውን አብረን ገጠምነው።

አመሻሽ፣ ሞጣ

ሞጣ ስንደርስ ገበያው ሊበተን ነው። አቡጀዲ የዘረጉ ነጋዴዎች፣ ቅቤ በቅል የያዙ ሴቶች፣ የአህያ አቧራ። ከጊዮርጊስ ደወል፣ ከመስጊዱ አዛን ይሰማል። አሳያት ተብያለሁና አሳየኋት፤ ይህ በርበሬ ተራ፣ ይህ ጨው ተራ እያልኩ። እሷ ከኋላዬ ትከተላለች፤ ምንም አልጠየቀችኝም።

የእኅቴ ባል ቄስ ካሣ በር ላይ ተቀበለን። ጥሩወርቅ ጸበል ወርዳለች፣ ሰሞኑን ትመጣለች አለኝ። ግቢው ተጠርጓል። የድንኳኑ ካስማ የተተከለበት ጉድጓድ ግን ትኩስ አፈር ተደፍኖበታል። ልጇ አስናቀች ነጭ ነጠላ እስከ ግንባሯ ተከናንባለች፤ እግሬን ልታጥብ ጎንበስ ስትል የተላጨው ራሷ ታየኝ። አላየሁም።

ራት ቀረበ። በላሁ። መንገዱ እንዴት ነበር አሉኝ፤ ጎማ ፈነዳብን እንጂ ደህና ነው አልኩ። ስለ አዝመራው ጠየቁኝ፤ ጤፉ ያማረ ነው አልኩ። ሚስ ሩት ጉርሻውን ይዛ መዋጥ አቅቷታል። እንግዲህ ጸበሉ ይስማማት ስላቸው ቄስ ካሣ አሜን ሊል ጀምሮ ሳል ያዘው።

ማግስቱ

ጎሕ ሲቀድ በሩ ተከፈተ። እኔ ቀድሜ ተነሥቼ ተቀምጫለሁ። ጎረቤቶች ገቡ፤ ሁለት ጎበዞች መጥተው ግራና ቀኜ ቆሙ። ቄስ ካሣ "ደምሴ ወንድሜ፣ ጥሩወርቅ ከጸበል አትመጣም" አለኝ። ቤቱ በለቅሶ ተናጋ።

የእኔ ዓይን ደረቅ ነው። ከመንገዱ ጀምሮ ስውጠው ያደርኩት ነገር ደረቴ ውስጥ ጠጥሮ አልወጣ አለ። የያዙኝ ሰዎች ተያዩ። አንዲት ሴት የዚህስ ልብ ድንጋይ ነው ስትል ሰማሁ። አውቄው ነበር እንዳልል፣ ሚስ ሩት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

አስናቀች ነጠላዋን ጥላ እግሬ ሥር ወደቀች። "ጋሼ፣ ያልቅሱላት እንጂ" አለችኝ። "ለእርስዎም እናትዎ ነበረች።"

አፌን ከፍቼ ጮኽኩ። የመጀመሪያውን ለእነሱ ብዬ ነው የጮኽኩት። ከዚያ ወዲያ ያለውን እነዚያ ሁለት ጎበዞችም ሊያቆሙት አልቻሉም።