የቤተል ክንድ መቼ ተሰበረ?

በዚህ ጉዞ ውስጥ ያለን ሰዎች እነዚህ ነን። ቤተል የስምንት ዓመት ልጄ ናት፤ የተሰበረው የእሷ ክንድ ነው። ጥሩነሽ ቤታችን ተቀጥራ ሦስት ዓመት ቤተልን ያሳደገች ናት። ታደሰ የሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። ራጁን ያየችው ሐኪም አለች። የመጨረሻው እኔ ነኝ። ግንበኛ ነኝ፤ ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በራሴ ነው። ልጅ በሥርዓት ካላደገ ሰው አይሆንም ብዬ የማምን አባት ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ቤተል ፊቷን በአንድ እጇ ብቻ ስትታጠብ አየሁና የቀኝ እጅጌዋን ሰበሰብኩት። ከእጅ አንጓዋ ከፍ ብሎ ጠንካራ እብጠት አለ። ስነካው ከንፈሯን ነከሰች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም።»

ጥሩነሽ ከጓዳ ብቅ አለች። «ትናንት ከትምህርት ቤት ስንመለስ አዳልጧት ወድቃ ነበር፣ ጋሼ። ግን ወዲያው እየሳቀች ተነሳች።»

«ልጄን ሰብረሽ ነው ዝም ያልሽኝ?»

«በስመ አብ! እኔ ልስበራት?»

ልብስሽን ሰብስቢና ውጪ አልኳት። ቤተልን ልትስማት ጎንበስ ስትል መሐል ገባሁ። ከዚያ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ዓላማዬ ሁለት ነበር፦ ልጄን ማሳከም፣ የክሊኒኩን ወረቀት ይዤም ጥሩነሽን ለፖሊስ መክሰስ።

ከቁስቋም ቁልቁል

ታክሲ ስላጣን ቁስቋም ካለው ቤታችን በእግራችን ወረድን። የሌሊቱ ዝናብ የድንጋዩን መንገድ አጥቦት ያንሸራትታል። ለቤተል ስለ እውነትና ስለ ውሸት ብዙ ነገርኳት። እሷ የምትረግጠውን እያየች ትሄዳለች። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ አንድም ቃል እንዳልመለሰችልኝ ገባኝ። ልጄን በእጄ ይዤ ብቻዬን ነበር የተጓዝኩት።

ክሊኒኩ

ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ ያለ ክሊኒክ ገባን። ካርድ ሦስት መቶ፣ ራጅ ስምንት መቶ ብር። ሐኪሟ ወጣት ናት። ምስሉን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

«ይሄ የትናንት ስብራት አይደለም፣ አባት።»

«በምን ታወቀ?»

«አጥንቱን የከበበው ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ይታይዎታል? አዲስ የበቀለ አጥንት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራጅ ላይ አይታይም። የተሰበረበትም መስመር ደብዝዟል፤ የትናንት ቢሆን ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ትናንት ስትወድቅ አሟት ይሆናል እንጂ ያኔ አልተሰበረችም።»

«ታዲያ ስንት ቀኑ ነው?»

«ከሁለት ሳምንት አያንስም፣ ከአምስት አይበልጥም። የልጅ አጥንት ቶሎ ነው የሚጠግነው። ከዚህ አጥብቤ ቀኑን ብነግርዎት ውሸት ይሆናል።»

ግንበኛ ነኝና አልተከራከርኩም። የደረቀ ልስን የትናንት ነው ቢሉኝ እኔም አልቀበልም።

«በዚያን ጊዜ ልጅቷ ማን ጋ ነበረች?» አለችኝ። ጠዋት ጥሩነሽን ያየሁበትን ዓይን እሷ ፊት ላይ አየሁት።

አሰብኩ። ከሦስት ሳምንት በፊት ትምህርት ተዘግቶ ቤተል አጎቷ ዘንድ ሰንብታለች። ጥሩነሽ በዚያ ሳምንት አገሯ ነበረች።

አጥንቱ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ቢይዝም ልጅቷ ስታድግ ይቃናል አለችኝ ሐኪሟ። ለጀሶው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ከፈልኩ።

ሽሮ ሜዳ

የታደሰ መሸመኛ ነጠላና ጋቢ ከተሰቀለባቸው ሱቆች ጀርባ ነው። እግሩን ከሽመና ዕቃው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ይሸምናል። ጀሶውን ሲያይ እጁ ቆመ።

«ታዴ፣ ይህን ታውቃለህ?»

«ክር ስታቀብለኝ እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀችብኝ፣ ጋሼ። ወጌሻ ጋ ወሰድኳት። ወለምታ ነው ብሎ በቅቤ አሽቶ አሰረላት። ወደ እርስዎ ስትመለስ ፈታሁት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እህቴ ከሞተች ወዲህ ልጅቷን የማያት በዓመት ሁለቴ ነው። ብነግርዎት እሱም ይቀር ነበር።»

ከጎኑ የሚሸምነው ሰውዬ ቀና ሳይል «ለእሳቸው ከመንገር ለአጥንቱ መንገር ይሻላል፤ እሱ እንኳ ይሰማል» አለ። ሌሎቹ ሸማኔዎች ሳቁ። ታደሰ አልሳቀም።

ወደ ቤተል ዞርኩ። «አንቺስ?»

«እዚህ እንዳልመጣ ትከለክለኛለህ ብዬ ነው።»

እውነቷን ነው። እከለክላት ነበር።

ዊንጌት

በሁለት ታክሲ የጥሩነሽ እህት ወደምትኖርበት ወደ ዊንጌት ሄድን። ጥሩነሽ እህቷ ቤት በር ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጥባለች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ሳስወጣት ያልከፈልኳትን የወሩን ደመወዝ ሰጠኋት።

«ራጁ ነፃ አወጣሽ» አልኩ።

«ራጅ ባይኖርስ ኖሮ፣ ጋሼ?»

የያዘችውን ልብስ ጨምቃ አስቀመጠች።

«ሦስት ዓመት እንጀራዎን በልቻለሁ፣ ልጅዎን አጥቤያለሁ። እኔን አላመኑም፣ ፎቶ አመኑ።»

ተመለሽልኝ ብዬ ለመንኳት። ሰው ለመለመን ይህ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

«ይቅር ብያለሁ። ግን አልመለስም። ነገ ደግሞ ብርጭቆ ቢሰበርስ?» አለችና ቤተልን አቅፋ ሳመቻት። አሁን መሐል የሚገባ አልነበረም።

ቤት

ስንደርስ ቤቱ ጨለማ ነው። ምድጃ ያቀጣጠለ የለም። ዳቦ በሻይ በላን። ቤተል ጀሶው ሲፈታ አጎቷ ዘንድ ትሄድ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ትሄጃለሽ አልኳት።

አንባቢዬ ልጅ ካለህ፣ ክንዷ ሲያብጥ ከወጌሻ በፊት ራጅ አስነሳላት። ከዚያ በላይ ግን፣ ልጅ ሕመሟን ከደበቀችህ የምትፈራው ስብራቱን ሳይሆን አንተን እንደሆነ እወቅ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ አፍስሼ መልቀም አቃተኝ።

ወጪያችን ይህ ነው። እኔ ለክሊኒክ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ፣ ለታክሲ አንድ መቶ ብር አወጣሁ። ታደሰ ለወጌሻ አራት መቶ ከፍሏል። ድምር፦ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብርና ጥሩነሽ።