የራምዚ አሥራ አምስት ቀን

ራምዚ የልጄ የሰይዶ ልጅ ነው። እናቱ ገና ጡት ሳይጥል ስለሞተች ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አሁን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ቡታጅራ ውስጥ፣ ከአስፓልቱ ዳር፣ ተካ ሬዲዮና ስልክ ከሚጠግንባት ክፍል አጠገብ ልብስ ይሰፋል። ስድስት ሰዓት ሲሆን የስፌት መኪናውን ያቆማል። ያን ጊዜ ባንኮክ አሥር ሰዓት ነው፤ ልጁ ሩፋይዳ ከትምህርት ቤት የምትመለስበት። ስልኩን ከክር ማጠንጠኛው ጋር አስደግፎ ፊቷን ያያል። እሷ በእናቷ ቋንቋ ታወራለች፣ እሱ በዚያው ይመልስላትና መሃል መሃል ላይ አንዳንድ የእኛን ቃል ጣል ያደርግላታል። «ውሃ በይ» ይላታል። «ዳቦ በይ።» አንዳንድ ቀን ትላለች፣ አንዳንድ ቀን ካርቱን ይበልጥባትና ጥላው ትሮጣለች። እሱ ግን ባዶውን ወንበር እያየ ትንሽ ይቆያል።

ወደ ታይላንድ የሄደው በሃያ አምስት ዓመቱ ነው። የወሰዱት ከመርካቶ እየተመላለሱ ልብስ የሚያመጡ ነጋዴዎች ናቸው። እነሱ የገዙትን ልብስ ጠቅጥቆ፣ በጆንያ ሰፍቶ፣ ለጭነት ያዘጋጅ ነበር። ድርጅታቸው በየዓመቱ የመኖሪያ ፈቃዱን ያሳድስለታል። እዚያው ሰፈር፣ መስጊዱ አጠገብ ሩዝ የምትሸጥ የሀገሩን ሙስሊም ልጅ አገባ። ቤተሰቦቿ የሚጠሯት በሌላ ስም ነው፤ እኛ አፋችን እምቢ ስላለን በኒካሁ ስሟ ዛህራ ብለናት ቀረን። እዚያ ኒካሁ ሲታሰር እኛ እዚህ በግ አርደን በላን። በመንግሥት መዝገብ ግን አላስመዘገቡትም። ኒካህ ከታሰረ ምን ጎደለ ብለው ነው።

ስድስት አረፋ ሳይመጣ ቀረ። የእኛ የመስቃን ሰው የትም ቢሆን ለአረፋ ቤቱ ይገባል። አዲስ አበባ ያለውም፣ ሐዋሳ ያለውም፣ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል። ያልመጣ ሰው ቤት ጎረቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ሰይዶ በሰባተኛው ዓመት ደወለለት። «ዘንድሮም ካልመጣህ በሬውን የማርደው ለማን ነው? ሰው ሁሉ የሞትክብኝ እየመሰለው ነው» አለው።

ራምዚ መጣ። የደረሰው በዋዜማው፣ ሴቶች ብቻቸውን በሚያከብሩት በሴቶች አረፋ ቀን ነው። ጎመኑ ተቀቅሎ፣ ቂቤው ተነጥሮ፣ ሴቶቹ ቤቱን ሞልተው ሳለ በሩ ላይ ቆመ። «ወንድ ዛሬ እዚህ ምን ይሠራል?» ብለው ሳቁበት። እሱ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሊመለስ ቦሌ ሲደርስ ትኬቱን ያየችው ልጅ ፈቃዱ እንደማይሠራ ነገረችው። የዚያ ሀገር ሕግ እንዲህ ነው አሉ፦ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ከመውጣቱ በፊት እመለሳለሁ ብሎ ማህተም ካላስመታ፣ ፈቃዱ በወጣበት ቀን ይሞታል። ራምዚ ይህን ሰምቶ ነበር። ግን ለበዓሉ የሚያደርሰው ትኬት የተገኘው ማህተም የሚመታው መሥሪያ ቤት ለቅዳሜና እሑድ ከተዘጋ በኋላ ነው። ሰኞን ቢጠብቅ አረፋ ያልፈው ነበር። ወረቀቱ ገና ስምንት ወር ይቀረዋል ስለሚል ግድ የለም ብሎ ወጣ። ድርጅቱም ብዙ አልጠበቀውም፤ በቦታው ሌላ ሰው ቀጠረ።

ሩፋይዳ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር።

በሚስት በኩል እንዳይገባ ጋብቻው አልተመዘገበም። ለማስመዝገብ እሱ ራሱ እዚያ መገኘት አለበት። የቀረው የጎብኚ ቪዛ ነው። ማመልከቻው በኮምፒውተር የሚላክ ነው፤ ከወረቀቶቹ ጋር ጎብኝቶ እንደሚመለስ የሚያሳይ ማስረጃ ይፈልጋል። ራምዚ ከሰፈራችን ሽማግሌዎች አንድ ደብዳቤ ቢያያዝ ይረዳል ብሎ አሰበ። ሰይዶ ሽማግሌዎቹን ቤታችን ጠራቸው። የሚመሯቸው ሀጂ ሙሀመድአወል ናቸው፤ ብዙ የተጣላ ያስታረቁ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው።

ራምዚ ተነስቶ ቆመ። «ሀጂ፣ ‹ቤትና መሬት ያለው ልጃችን ነው፣ ጎብኝቶ ይመለሳል› ብላችሁ ብቻ ጻፉልኝ።»

«ትመለሳለህ?» አሉት።

ራምዚ ወደ ሰይዶ ዞር አለ።

«ልጄ፣ ቀላል ነገር ነው የጠየቅኩህ። ትመለሳለህ ወይስ አትመለስም?»

«ሀጂ፣ ልጄ እዚያ ናት።»

«እንግዲያውስ የማናውቀውን አናውቅም ማለት አለብን። ዋስ የሆነ ሰው በቃሉ ይያዛል። የምናውቀውን ግን አሳምረን እንጽፍልሃለን።»

አሳምረውም ጻፉ። ‹ይህ ልጅ የእኛ ልጅ ነው። እዚያ ሀገራችሁ በኒካህ ያገባት ሚስትና አንዲት ሴት ልጅ አሉት። ሰው ከቤቱ ተነጥሎ መኖር የለበትምና በአላህ ይሁንባችሁ፣ ወደ ቤቱ አስገቡት› ይላል። ሰይዶ ለሁለት ቀን ከቤት ቤት እየዞረ ሃያ ሁለት ሰው አስፈረመ። የእድሩ ማህተምም አረፈበት። ያሳደግኩት እኔ ስለሆንኩ እኔንም አስፈረሙኝ። ጣቴን ቀለም ሳልነክር ስሜን ጽፌ የፈረምኩት ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ላይ ነው። ስጽፍ ከዚህ የበለጠ ደብዳቤ ያለ አልመሰለኝም።

መልሱ በአምስተኛው ሳምንት መጣ። ራምዚ ከስልኩ ላይ አነበበው። «ለጉብኝት የሚሄድ መሆኑ አልታመነበትም ይላል።»

«ደብዳቤያችንን አላዩትም ማለት ነው?» አለ ሰይዶ።

«አይተውታል አባባ» አለና ወጣ።

በማግስቱ ምሳ ይዤለት ወደ ሱቁ ሄድኩ። እጁን ታጥቦ እስኪቀመጥ ጠበቅኩት።

«ያበላሸው የኛ ደብዳቤ ነው?»

«አይ እማማ፣ ብዙ ነገር አለ…»

«ራምዚ።»

«አዎ» አለ። «ለመጎብኘት ነው የምሄደው ብዬ ‹ወደ ቤቱ አስገቡት› የሚል ወረቀት አያያዝኩ።»

«ታዲያ እያወቅክ ለምን ላክኸው?»

«አባባ ፀሐይ ላይ ዞሮ ያስፈረመውን አውጥቼ ልጣለው? የሃያ ሁለት ሰው ስም አለበት። ያንቺም አለበት።» እንጀራውን ቆርሶ ሳይጎርስ መልሶ አስቀመጠው። «ደግሞ የተጻፈው ውሸት የለበትም።»

ለሰይዶ እንዳልነግረው ለመነኝ። እስከ ዛሬም አልነገርኩትም።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት አለፈ። ራምዚ ሰው መሸሽ ጀመረ። ሰርግ አይሄድም፤ ሴት ልጅ በትከሻው የተሸከመ አባት ሲያልፍ አንገቱን ወደ ስፌቱ ይደፋል። ቤት ሲገባ «እንዴት ዋላችሁ» ይልና ግድግዳውን ወደሚያየው ፍራሽ ይሄዳል። አጠገቡ ሆኜ የት እንዳለ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ሩፋይዳ በስልክ እናቷን የሆነ ነገር ስትጠይቅ ሰማሁና ምን አለች አልኩት። «እሱ ስልኩ ውስጥ ነው የሚኖረው ወይ ትላለች» አለኝ። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

አንድ ነጋዴ ሌላ መንገድ ነገረው። እዚያው ባንኮክ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለጎብኚ የሚሰጥ የአሥራ አምስት ቀን ፈቃድ አለ። የመመለሻ ትኬት ያለው ሰው ደርሶ ይጠይቃል፤ እነሱ ደስ ካላቸው ይሰጡታል፣ ካላላቸው በመጣበት ይመልሱታል። ከዚህ በፊት ቪዛ የተከለከለ ሰው ግን ስሙ ተጽፎ ይጠብቀዋል ብሎም አስፈራራው።

ተካ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ መከረው። «ፓስፖርቴ ጠፋብኝ በልና አዲስ አውጣ። ተከልክለህ ታውቃለህ ሲሉህ ‹እኔ? እኔ የቡታጅራ ልጅ!› በላቸው።»

«ስሜንስ የት ላድርሰው?»

«ስምህን ማን ያስታውሳል? ራምዚ ሰይዶ! እኛ ጎረቤቶችህም በስንት ግድ ነው የምናስታውስህ።»

ራምዚ ሳቀ። ፓስፖርቱን ግን አልቀየረም። የመከልከያውን ወረቀትም አሳትሞ ይዞ ከሚሄዳቸው ወረቀቶች ሁሉ ላይ አደረገው።

የሄደ ጊዜ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል ተባልን። ሰይዶና እኔ ስልኩን መሃላችን አድርገን ተቀመጥን። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሆነ። ዛህራ ደወለችና በምታውቃት ጥቂት የእኛ ቋንቋ «ራምዚ የለም፣ የለም» አለች። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። «ዱዓ፣ ዱዓ» አልናት፤ እሷም «ዱዓ» አለችና ዘጋችው። ሰይዶ ተነስቶ ግቢው ውስጥ የተሰጣውን በርበሬ ያለ ሥራው ማገላበጥ ጀመረ። ሲያስነጥሰው እንኳ አልተወውም።

የሆነውን በኋላ ነው የነገረን። አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ሴት ፓስፖርቱን አየችና «ከዚህ በፊት ተከልክለህ ታውቃለህ?» አለችው። አዎ ብሎ ወረቀቱን ሰጣት። «ታዲያ ለምን መጣህ?» «ልጄን ለማየት።» «ከዚያስ?» «በአሥራ አምስተኛው ቀን እወጣለሁ።» አሁንማ ሀጂ የጠየቁትን መመለስ ነበረበት። ሴትዮዋ አንድ አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው። ሰው እየተጠራ ይገባል፣ ሌላው ይመጣል፣ እሱ ብቻ ይቀራል። አራት ሰዓት ያህል እዚያው ተቀመጠ። ሽንት ቤት እንኳ አልሄደም፤ ስሜን ሲጠሩ ባልኖርስ ብሎ።

ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። «ገባሁ» አለ።

ሩፋይዳ ግን መጀመሪያ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ፊቱ ትንሽ ነበር፤ ይኼኛው ትልቅ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ የሰጣትን ሁሉ በእናቷ በኩል ተቀበለች። በአራተኛው ቀን የጫማዋን ማሰሪያ ሊያስርላት ሲጎነበስ ፀጉሩን ነካችው። ከዚያ ወዲያ ከእሱ አልተለየችም። ክንዱ ላይ ተኝታ ክንዱ እስኪደነዝዝ አልነቀነቃትም ነበር፤ ይህን ሲነግረኝ ያንን ክንዱን በሌላ እጁ ይዞ ነው።

ጋብቻውን ለማስመዝገብ ሞከሩ። ከዚህ ተተርጉሞ፣ ማህተም ተመትቶ መሄድ የሚገባው ወረቀት ጎደለ፤ አሥራ አምስት ቀን ለዚያ አይበቃም። የዛህራ ወንድም «ቀኑ ቢያልፍ ማን ይፈልግሃል? ጆንያ ስፋ፣ ቤትህ ተቀመጥ» አለው። እንደዚያ አድርገው የሚኖሩ አሉ። በየደጁ ኮቴ በሰሙ ቁጥር እየደነገጡ፣ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ሳያደርሱ ነው የሚኖሩት። ከተያዙ ደግሞ ለብዙ ዓመት ዳግም አይገቡም። በአሥራ አራተኛው ቀን ዛህራ ቀኑን ሙሉ አላናገረችውም። ሻንጣውን ግን ያሰናዳችው እሷ ናት። በማግስቱ ሩፋይዳን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ከበሩ ተመለሰና ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሊወስዳት እንደማይመጣ የነገራት ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ቡታጅራ መናኸሪያ ሲወርድ ተካ ነው መጀመሪያ ያየው። «ገብተህ ወጣህ?» አለው ጮክ ብሎ። «ሰው ሁሉ ለመግባት ይሞታል፣ አንተ ገብተህ ትወጣለህ? አንተ ጤና የለህም!»

«ተደብቄ አባት ልሁናት?» አለው ራምዚ። ተካ ሻንጣውን ተቀበለው።

አሁን ወረቀቶቹ ተተርጉመው አልቀዋል። በቀኑ ስለወጣ ፓስፖርቱ ላይ ጥፋት የለበትም። ሁለተኛውን ማመልከቻ ከላከ ሰባት ሳምንቱ ነው፤ በዚህኛው ላይ ሚስትና ልጅ እንዳለው ራሱ ጽፎበታል፣ ጋብቻውን አስመዝግቦ እንደሚወጣም ጽፏል። መልስ አልመጣም። እሱ በየጠዋቱ ስልኩን ያያል፣ እኔ ፊቱን አያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ለሩፋይዳ ቀሚስ መስፋት ጀመረ። ወደዚያ የሚሄድ ነጋዴ አለ፣ ይዞላት ይሄዳል። ልኳን እዚያ ሳለ በክር ለክቶ ይዞ መጥቷል። ቢጫ ጨርቅ ነው፣ አንገቱ ላይ ጥልፍ አለው። ትናንት ጨርሶ ተኩሶ ሰቀለው። ዛሬ ምሳውን ይዤለት ሄጄ ሳለ፣ ስድስት ሰዓት ላይ በስልክ ሲያሳያት ዛህራ ሜትር አምጥታ ልጅቷን ግድግዳ አስደግፋ ለካቻት፤ ቁጥሩን ስትነግረው በክር ከለካው በልጦበት ራምዚ ሁለት ጊዜ አስደገማት።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቀሚሱን ከተሰቀለበት አወረደ። መቀሱን ፈለገና የታችኛውን ጠርዝ መፍታት ጀመረ። ወደ ውስጥ ያጠፈው ጨርቅ አራት ጣት ያህል ነበር። ዘረጋው፣ በእጁ መዳፍ አስተካከለው፣ እንደገና ሰፋው። በሩ ላይ ሱሪ ይዞ የቆመ ደንበኛ ነበር። ሁለታችንም እስኪጨርስ ጠበቅነው።