የመጀመሪያዋ የስፓኒሽ ዓረፍተ ነገሬ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሐናን ከአርሊንግተን ደወለችልኝ። የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ ነው። ልጇ የሚውልበት ዴይኬር ስታፈላልግ ሰንብታ አንድ አግኝታለች።

«እማ፣ ካሜራ አለው እኮ። ሥራ ሆኜ በስልኬ አየዋለሁ» አለችኝ።

«የሚይዘው ሰውስ እንዴት ያለ ነው?» አልኳት።

«ሁሉም ሰርቲፋይድ ናቸው። ሶ፣ አትጨነቂ በቃ።»

የጠየቅኳት ስለ ሰርቲፊኬት አልነበረም። ስለ ምን እንደሆነ ግን በስልክ ማስረዳት አቃተኝ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ምስሬ ተመለስኩ፤ እየለቀምኩም ሐናንን ራሷን ለሰው ትቼ ሥራ እሄድ የነበረበት ዘመን ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከባለቤቴ ከሰይድ ጋር ከኮምቦልቻ በዲቪ መጥተን ኤርፖርት ሥር ያለች ዩለስ የምትባል ከተማ ገባን፤ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የወጥ ቤቱ ብርጭቆ የሚንቀጠቀጥበት አፓርትመንት። ሰይድ ታክሲ ይነዳል። እኔ የአውሮፕላን ምግብ በሚዘጋጅበት ኩሽና፣ እንደ ፍሪጅ በሚቀዘቅዝ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሰላጣ በትሪ እደረድራለሁ። ዘመድ የለን፤ የዴይኬሩ ክፍያ ከአቅማችን በላይ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሊሞላት የተቃረበችውን ሐናንን ከእኛ በታች ለምትኖር ሜክሲኳዊት ሴት እተዋት ጀመር። ዶኛ ቼላ ይሏታል። የራሷን ልጆች አሳድጋ የጨረሰች፣ ወፈር ያለች፣ ስትናገር ድምጿ እምብዛም የማይሰማ ሴት ነበረች።

እኔ ከድሮም ፈሪ ነኝ። ምድጃው መጥፋቱን ደጋግሜ ሳላይ ከቤት አልወጣም። ዶኛ ቼላ ደግሞ እንግሊዝኛ አትችልም፤ የእኔም እንግሊዝኛ ከትሪና ከሰላጣ አያልፍም። የሥራ ጓደኞቼ የአሳማን ስም ነግረውኝ ስለነበር የመጀመሪያው ቀን «ፑየርኮ ኖ» አልኳት። በማግስቱ ለሐናን ብቻ የምታበስልበት ትንሽ ቀይ ድስት ገዝታ አሳየችኝ። ከሥራ ስመለስ የልጄ ልብስ ከሙን ከሙን ይላል። በዶሮ መረቅ የበሰለ ቀጭን ፓስታ ጠግባ፣ ከንፈሯ ወዝቶ ትጠብቀኛለች።

ስለዚህ ምግቡ አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ ንግግሩ ነው። ልጄ ውሃ ሲጠማት «አግዋ» ማለት ጀመረች። ከእንቅልፏ ባንና ስታለቅስ የምትለው ነገር አይገባኝም። ምን እንደሆነች ልጄን ብጠይቅ አልረዳ፤ የያዘቻትን ሴት ልጠይቅ ብል አፍ የለኝ። ሰይድ ግን ይስቃል። ልጅቷ ነገ አስተርጓሚ ሆና ትጦረናለች ይለኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ለጀማሪዎች የስፓኒሽ ቋንቋና ባህል ትምህርት እንዳለ የነገረችኝ አብራኝ ትሪ የምትደረድር ሴት ናት። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው የኮሌጅ በር ያልፋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሄድኩ፤ ከበሩ ማንም አልመለሰኝም። ሰይድ ሐናንን ይዞ ቤት ዋለ፤ እኔ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ሽንኩርት ይሸት ይሆናል ብዬ እጄን ከጠረጴዛው ሥር ደበቅኩ። መምህሯን ፕሮፌሶራ ሉስ እንላታለን። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሰው ሲሳሳት ፊቷ የማይለወጥ ሴት ነበረች። ተነስቼ ስሜን ተናገርኩና ቶሎ ተቀመጥኩ። ቋንቋው ግን እንደ ፈራሁት አልሆነም። እንደ እኛ ፊደል እንደተጻፈው ይነበባል፤ ሌሎቹን የሚያስቸግራቸው «ኝ» ለእኔ ከእናቴ ጡት ጋር የመጣ ነው። የሁለት ሰዓቱ ትምህርት መጨረሻ ስለ ባህል ነበር፤ ስለ ሠርግ፣ ስለ ሰላምታ፣ ሙታን ስለሚታሰቡበት በዓል። እሱን በጣም እወደው ነበር።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ዶኛ ቼላ ልጄን ስታስረክበኝ ሁልጊዜ «ኬ ቦኒታ» ትላለች፤ እንዴት ታምራለች ማለቷ ነው። ትልና ግንባሯን ትዳስሳለች፣ ጉንጯን በመዳፏ ትይዛለች። እኛ ዘንድ ልጅ ያደነቀ ሰው «ማሻአላህ» ይላል፤ ካላለም ዝም ይላል። እናቴ እኔን ገበያ ስትወስደኝ የሰው ዓይን እንዳይበላኝ ግንባሬን ጥላሸት ትቀባኝ ነበር። የአላህን ስም ሳያነሱ አድንቆ፣ በዚያ ላይ እጅ ማሳረፍ እንዴት እንደሚታየኝ አስቡት። በእጇ ዓይን የምታስገባባት ይመስለኛል።

አንድ ቅዳሜ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቄ «እባክሽ ፊቷን አትንኪ» በስፓኒሽ እንዴት እንደሚባል ፕሮፌሶራን ጠየቅኳት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ነገረችኝ። ሰይድ በታክሲው መጥቶ እስኪወስደኝ ፓርኪንጉ ላይ ቆሜ ደጋገምኩት። ከመማሪያው መጽሐፍ ሳይሆን ለራሴ ጉዳይ ብዬ የተማርኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እሱ ነው። «ፖር ፋቦር፣ ኖ ሌ ቶኬ ላ ካራ።»

ሰኞ ለዶኛ ቼላ አልኳት። እጇ ወደ ሐናን ግንባር እንደተዘረጋ ቀረ። «ኖ?» አለች። «ኖ» አልኳት። ፊቷ ደም የሸሸው መሰለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄን ስታስረክበኝ ወደ ጎን ታያለች። ማድነቁንም ተወች። እኔ ዕረፍት አገኛለሁ ያልኩት ሴትዮ ይልቁን ባሰብኝ። ንጹሕ ሰው ለምን ዓይኑን ያሸሻል? ሌላ ሰው ልፈልግ ብል ማንን አገኛለሁ? ሥራውን ልተው ብል የሰይድ ታክሲ ብቻውን የቤት ኪራይ አይከፍልም። ጠዋት ጠዋት ደረጃውን ስወርድ ልጄን ጥብቅ አድርጌ ይዤ ነው።

እንዲህ እያለ ብርዱ ገባ። የዚህ አካባቢ ብርድ እንደ ሰሜኑ ስቴቶች በረዶ አይከምርም፤ ዝናቡ መሬት ሲነካ ይጋገርና መንገዱን መስታወት ያደርገዋል። በእንዲህ ያለ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሱፐርቫይዘሩ በስልክ ትፈለጊያለሽ አለኝ። ዶኛ ቼላ ነች። እያለቀሰች ትናገራለች፤ ቃሉ ይሮጥብኛል። ከዚያ ሁሉ የያዝኩት ሁለት ብቻ ነው። አንዱ «ፊየብሬ»፤ የበሽታ ስሞችን ቅዳሜ ተምረን ስለነበር ትኩሳት መሆኑን አወቅኩ። ሌላው «ፔርዶን»። ይቅርታ ሴኞራ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ።

ልጅ አተኮሳት ተብሎ ይቅርታ ይጠየቃል? ምን አድርጋት ነው?

ለሰይድ ደውዬ ወደ ቤት ና አልኩትና በአንዲት ባልደረባዬ መኪና ወጣሁ። ሌላ ቀን ቅርብ የሆነው መንገድ አላልቅ አለ። መኪናው ሁሉ እንደ ለቀስተኛ በዝግታ ይሄዳል፤ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ተንሸራቶ ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል። ባልደረባዬ መሪውን በሁለት እጇ አንቃለች። እኔ ከቁርኣን አያተል ኩርሲን እቀራለሁ፤ በመሀል ለዶኛ ቼላ የምላትን በስፓኒሽ አዘጋጃለሁ። «ምን አደረግሻት?» ልል ፈለግኩ። ያለፈ ነገር እንዴት እንደሚነገር ግን ገና አልተማርንም።

የዶኛ ቼላን በር ስከፍት ሐናን ሶፋ ላይ በፓካውት ብቻ ተጋድማለች። ዶኛ ቼላ ሥሯ ተንበርክካ፣ እንቁላል በእጇ ይዛ ከልጄ ራስ እስከ እግሯ በላይዋ ላይ ታሳልፋለች። ታንሾካሽካለች፤ እንባዋ ይወርዳል።

መተት አልኩ በልቤ። ልጄን መንጭቄ አነሳኋት። እሳት ሆናለች። ዶኛ ቼላ እንደተንበረከከች ትለፈልፋለች፤ እኔ በሩ ጋ ደርሻለሁ። ወጥቼ ብሄድ ኖሮ ዳግመኛ ፊቷን አላይም ነበር። ምን እንዳቆመኝ እንጃ። ቅዳሜ ቅዳሜ በትምህርቱ መጀመሪያ የምንለው ነገር በራሱ ጊዜ ከአፌ ወጣ፤ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ ማለት ነው።

«ማስ ደስፓሲዮ፣ ፖር ፋቦር።»

ቀስ አለች። እንቁላሉን አስቀመጠች። የራሷን ዓይን ነካች፣ ጣቷን ወደ ሐናን ዘረጋች። «ቦኒታ» አለች። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ደረቷ ሰብስባ፣ የታሰረ ሰው መስላ፣ እኔን እያየች «ኖ ቶኬ» አለች፤ አንቺ አትንኪ አልሽኝ ማለቷ ነው። ደግሞ ወደ ሐናን ጠቆመች። «ፊየብሬ።»

ያኔ ገባኝ። እነሱ ዘንድ ልጅ ያደነቀ ሰው ካልነካት ነው ዓይኑ የሚበላት። መንካቱ መከላከያው ነበር። እኔ ከለከልኳት፤ እሷ ቃሌን አክብራ፣ ልጄን በዓይኔ እገድላታለሁ ብላ እየፈራች፣ ላለማየት ወደ ጎን ስትዞር ከርማለች። እንቁላሉ ያስገባሁባት ብላ የፈራችውን ዓይን ማውጫ ነው።

ሐናንን ወደ እሷ አስጠጋኋት። «ቶኬ» አልኳት፤ ንኪያት።

አላመነችኝም። ደግሜ አልኳት። መዳፏን የልጄ ግንባር ላይ አሳረፈች። በእሷ ሃይማኖት አማተበች፣ እኔ በእኔው «ማሻአላህ» አልኩ። ሰይድ ሲገባ ሁለት ሴቶች አንድ ልጅ መሀል አድርገን እያለቀስን አገኘን።

እሷንም ጭነን እየተንሸራተትን ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ ብዙም ሳይቆይ የጆሮ ኢንፌክሽን መሆኑን ነገረንና ሮዝ መድኃኒት አዘዘ። ሰይድ መኪናውን እያስነሳ «ሁለታችሁ ዓይን ዓይን ስትሉ ጆሮ ሆኖ ተገኘ» አለ። ለዶኛ ቼላ ዓይኑንና ጆሮውን እየነካ ሲተረጉምላት፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቀች። ሐናን ትምህርት ቤት እስክትገባ እሷ ዘንድ ዋለች።

በቀደም ሐናን ዴይኬሩን አብሬያት እንዳይ ወሰደችኝ። ንጹሕ ነው፤ ካሜራውም አለ። ልጁን የምትይዘው ወጣት ሴት ስትቀበለን አንገቱን በመዳፏ ደግፋ፣ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚያስለቅሰው፣ አለርጂ ይኖርበት እንደሆነ ጠየቀች፤ መልሳ ጠየቀች። ሐናን ስትመልስላት ወጣቷ ከንፈሯን ትነክሳለች። እኔ እጇን ነበር የማየው። በዚያ ዕድሜዬ ልጄን የምሰጠው የማይፈራ፣ የተረጋጋ ሰው እፈልግ ነበር። የተረጋጋሁት ግን ለልጄ የእኔን ያህል የፈራች ሴት መኖሯን ባየሁ ቀን ነው።

መኪና ውስጥ ስንገባ ሐናን ቀበቶዋን እያሰረች «ትንሽ ነርቨስ ነች አይደል እማ? ሌላ ልፈልግ?» አለችኝ።

«እሷን ያዢያት» አልኳት።