ምስሉን ያስቀረው ገመድ

እማዬ የተሳፈረችበት ባጃጅ ከታቦር ተራራ ቁልቁል ሲወርድ ተገለበጠና ጭንቅላቷን ተመታች። ተደውሎልኝ ስደርስ መንገድ ዳር ተቀምጣለች፤ ደም የለም። ነጠላዋን እያራገፈች «ምንም አልሆንኩም» አለችኝ። ፒያሳ ወዳለ የግል ክሊኒክ ይዣት ስሄድ «ወዴት ነው የምንሄደው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ጥቂት ቆይታ ያንኑ ደገመችው። ያኔ ክው አልኩ።

ክሊኒኩ ጭንቅላቷን በሲቲ ስካን አነሳት። ምስሉን የሚያነቡት ሐኪም ያሉት አዲስ አበባ ስለሆነ በኢንተርኔት መላክ ነበረበት። የማሽኑ ባለሙያ፣ አንድ ረጋ ያለ ጎልማሳ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጦ ቆየና «ኔትወርኩ ዛሬ አስቸግሯል፤ ትንሽ ታገሺ» አለኝ። መላክ ይጀምራል፣ ይቋረጣል፣ እንደገና ሀ ብሎ ይነሳል። ኮሪደሩ ላይ የተኛችው እማዬ አስመለሳት። ከዚያ ዓይኗ መከደን ጀመረ።

«እማዬ፣ እንዳትተኚ!»

«አትጩሂብኝ ልጄ፤ ደክሞኛል።»

የኔ ሥራ ኔትወርክ ነው። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በሚገኝ ኮሌጅ ገመድ ስዘረጋና ሳስተምር ነው የምውለው። ያን ቀን ግን ፍርሃቱ የማውቀውን ሁሉ አጥፍቶብኝ፣ ኔትወርኩ ነው ሲሉኝ አምኜ ደርቄ ቆሜያለሁ። ወንድሜ በቪዲዮ ሲደውል ነው የባነንኩት። በክሊኒኩ ዋይፋይ ፊቱ ጥርት ብሎ ታየኝ። ኢንተርኔቱ ደህና ነበር።

«ገመዱን ልየው» አልኩት ባለሙያውን።

«እዚህ ሌላ ሰው አይገባም።»

«እናቴ ናት። እባክህ።»

ፊቴን አየና በሩን ከፈተልኝ። ከኮምፒውተሩ ጀርባ የወጣው ገመድ ቁም ሳጥን ተጭኖት ተጨፍልቋል። ቀጭን፣ ርካሽ ነገር ነው፤ ነካ ሳደርገው የመሰኪያው መብራት ይጠፋል፣ ይበራል። ይህን ዓይነቱን አውቀዋለሁ፤ ውስጡ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ የተላከው መንገድ ላይ ይበላሻል። ጥሩ ገመድ ደካማ ኢንተርኔትን አያፈጥንም፣ መጥፎው ግን ደህናውን ያንቃል። ይህን ለተማሪዎች ስንቴ እየሳቅኩ አስረድቻለሁ።

ባለሙያው ከካርድ ክፍል ረጅምና ወፈር ያለ ገመድ ነቅሎ አመጣና በኮሪደሩ ወለል ላይ ዘረጋነው። ስጣደፍ መሰኪያው አልገባ ሲለኝ ተቀብሎኝ እሱ ሰካው። ምስሉ ሄደ።

የባሰው ከዚያ በኋላ ነበር። እስካሁን የምሠራው ነገር ነበረኝ፤ አሁን መልስ መጠበቅ ብቻ ቀረኝ። የእማዬን እጅ ይዤ እጠራታለሁ፤ አንዳንዴ «አቤት» ትላለች፣ አንዳንዴ ዝም። በመጨረሻ ባለሙያው ከሐኪሙ ጋር ያወራበትን ስልክ ዘግቶ ወደኔ መጣ።

«ትንሽ ደም ፈስሷል። ቀዶ ጥገና ግን ለጊዜው አያስፈልጋትም፤ ሆስፒታል ተኝታ ክትትል ይደረግላት ብለዋል።»

እማዬ ሆስፒታል ቆይታ፣ ድና ወጣች። ያን ቀን አታስታውሰውም። እኔ ግን ዛሬም ሶፋ ላይ ሸለብ ሲያደርጋት አጠገቧ ቆሜ ትንፋሿን አዳምጣለሁ።

«ምን አፍጥጠሽ ታይኛለሽ?» ትለኛለች ስትነቃ።