ዲበኩሉ የቆረጠው ድምፅ

ድሮ መቱ ላይ ንፁህ ቅጂ የፈለገ ሰው የሚሄደው ዲበኩሉ ዘንድ ነበር። ሌሎቹ ሙዚቃ ቤቶች ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለብጡ የቀደመውን ሱቅ ማስታወቂያ፣ የክሩን ሽሽ የሚል ድምፅ፣ አንዳንዴም አጠገባቸው ያስነጠሰውን ሰው ጭምር አብረው ይሸጡ ነበር። ዲበኩሉ ግን ጣቱን የቴፑ ማቆሚያ ላይ አሳርፎ እየጠበቀ፣ ትርፉን እየቆረጠ፣ ዘፈኑን ብቻ ያስቀራል። «ዘፈን እንደ ምስር ነው፣ ካልለቀሙት ጥርስ ይሰብራል» ይላል። ሰውዬው ደረቅ ነው፤ ሰላምታም እንደ ውለታ ይቆጥራል። በሥራው ግን ማንም አያማውም።

ከዚህ ሕግ ውጭ የተፈቀደላት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ልጁ ትንቢት። አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ ማይክ ይዛ «ሶር ሙዚቃ ቤት፣ መቱ! መልካም ማዳመጥ» ትልና፣ ቡና ሸጠው ካሴት ለሚገዙት የገጠር ደንበኞች ደግሞ በኦሮምኛ «ደጌፈዳ» ትጨምራለች፤ አዳምጡ ማለቷ ነው። እናቷ ሃይማኖት ከባንኮኒው ጀርባ ሆና አብራት አፏን ስለምታንቀሳቅስ ልጅቷ ሳቋ እያመለጣት መጨረሻው ላይ ትቸኩላለች። አሥራ ሁለት ሰከንድ ነው። ሱቁ የሸጠው ካሴት ሁሉ በዚያ ድምፅ ይጀምር ነበርና ትንቢት ሄዳ የማታውቅበት ኡካና ኖፓ፣ መኪና የማይገባበት የዳሪሙ መንደር ሳይቀር ይሰሟት ነበር።

ይህ በ1993 ዓ.ም. ነው። በ2000 ዓ.ም. ትንቢት አሥራ ስምንት ሞልቷት ለትምህርት በሄደችበት አገር ወባ ያዛትና በሦስተኛው ቀን ሞተች። አርባዋ ሳይወጣ ዘመድ ተሰብስቦ ፎቶዎቿን ከግድግዳ አወረደ፣ ልብሷን አሳስሮ ወሰደ። እናት እያየች እንዳትጎዳ ተብሎ ነው፤ ወጉ ነው። ስሟም ከቤቱ ወጣ። ዲበኩሉ ይህን ትእዛዝ እንደ ወታደር ጠበቀ። ሃይማኖትም አልጠራቻትም፤ እሱም «እየረሳቻት ነው» ብሎ በልቡ ተመስገን ይላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ካሴት የሚገዛ ሲጠፋ ሱቁ ተዘጋ። የቀሩት ሠላሳ አንድ ካሴቶች በካርቶን ታስረው ቁም ሣጥን ላይ ወጡ፤ የመቱ ዝናብ ደግሞ የሚደርስበትን ያውቃልና በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሻገቱ። በ2015 የሃይማኖት ልብ ደከመ። ዲበኩሉ ጅማ ድረስ ወስዷት ሐኪሞቹ «ቤቷ ይሻላታል» ብለው መለሷቸው፤ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የማይገባው ሰው የለም። አልጋዋ ሳሎን ተዘረጋላት። አንድ ሳምንት ሙሉ ምንም ሳትጠይቅ ቆይታ አንድ ጠዋት፣

«ዲቤ፣ የሱቁን ካሴቶች አሰማኝ። እኛ የቀዳናቸውን» አለችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የዲበኩሉ ሐሳብ ሁሉ ይኸው ሆነ፤ ሳትሞት ማሰማት። መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ሱቅ ያለው ረድዋን፣ አባቱ ከስልጤ መጥቶ የከፈተውን ሬዲዮ ቤት የወረሰ ጎልማሳ ነው፤ ነገሩን ሲሰማ ሳቀ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ዘፈኖች እኮ ሁሉም ስልክ ላይ አሉ። አንድ ትንሽ ስፒከር ልስጥዎት።»

«የጠየቀችው የኛን ነው። ደግሞም እንደ ጣሳ በሚንኳኳ ስፒከር አላሰማትም።»

ስለዚህ ሥራው ተጀመረ። ዲበኩሉ የድሮ ቴፑን ተሸክሞ ረድዋን ሱቅ አወረደ፤ ከቴፑ ወደ ኮምፒውተሩ ገመድ ተዘረጋ። ሻጋታውን በጥጥና በአልኮል ጠረጉት። የክሩ ቀለም ግን ልቅቅ ብሎ ነበርና አንድ ጊዜ ሲዞር ቡናማ ዱቄቱ የቴፑ ራስ ላይ ይራገፋል። ረድዋን እያየ «ጋሼ፣ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚዞረው፤ ሁለተኛ የለም» አለው።

የመጀመሪያው ካሴት ዞረ። «ሶር ሙዚቃ ቤት፣ መቱ!»

ዲበኩሉ እጁ ወደ ማቆሚያው ሄደና አየር ላይ ቀረ። ረድዋን ቀስ ብሎ፣

«ልጅዎ ናት?» አለው።

«ቁረጠው።»

«ለብቻው ላስቀምጠው እንዴ?»

«ልቧን የታመመች ሴት ናት። የሞተች ልጇን ድምፅ አሰምቼ ልግደላት? ቁረጠው አልኩህ።»

ረድዋን አባቱ የሚያከብረውን ሰው መጋፈጥ አልሆነለትም፤ ቆረጠው። ሠላሳ አንዱንም ቆረጠ። ከስክሪኑ ላይ ያቺ ትንሽ የድምፅዋ ጥርሳም መስመር ሠላሳ አንድ ጊዜ ስትጠፋ ዲበኩሉ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ነበር። የተራገፉትን ካሴቶች ደግሞ አይታ እንዳትጠይቅ ብሎ ጓሮ ወስዶ አቃጠላቸው። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል ይባላል፤ ይህ ሰውዬ ያፈሰሰው ግን የሚለቀምም አልነበረም።

እንደ ሥራ ከሆነ ግን አምሮለት ነበር። ድሮ ገበያተኛውን የሚያደነቁሩትን ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ከአልጋው ራስጌ በእኩል ርቀት አቆማቸው፤ ርቀቱን በሲባጎ ለካ። እምም የሚለውን ድምፅ ለማጥፋት የስፒከሩን ገመድ ከመብራቱ ገመድ አራቀ። መብራት ሲወዛወዝ ኮምፒውተሩ እንዳይጎዳ ማረጋጊያ ገዛ። ከሰዓት በኋላ ሃይማኖትን በትራስ ደግፎ አስቀመጣትና የመጀመሪያውን ዘፈን ከፈተ። ያን የመሰለ ንፁህ ድምፅ በዕድሜው ቀድቶ አያውቅም።

ሃይማኖት ጣቷን አነሣች። «ከመጀመሪያው አድርገው።»

«ከመጀመሪያው ነው።»

«እሺ፣ ሌላውን።»

ሌላውን ከፈተ። ሦስተኛውንም። እሷ ዘፈኑን አትሰማም፤ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ነው የምትጠብቀው። በመጨረሻ፣

«ትንቢትስ?» አለች።

በአሥራ አምስት ዓመት የመጀመሪያዋ ነው። ዲበኩሉ ሻጋታ በላው ብሎ ሊዋሽ ጀመረ።

«ሠላሳ አንዱንም? መጀመሪያ መጀመሪያውን ብቻ እየመረጠ?»

ውሸት ድሮም አይችልበትም። የሆነውን ነገራት። ብትቆጣው ይሻለው ነበር፤ አልተቆጣችም።

«እኔ እኮ አንተ እንዳትጎዳ ብዬ ነው ስሟን ያልጠራሁት» አለችው። «‹እሱ አያለቅስም፣ በሆዱ ይዞ ይሞትብሻል፣ አታስታውሺው› አሉኝ። ዘፈኑን ምን አደርገዋለሁ ዲቤ? ልጄን እኮ ነው አሰማኝ ያልኩህ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ አንዱ ለሌላው ሲል ልጃቸውን ሁለት ጊዜ ቀበሯት።

በነጋታው ሃይማኖትን ለጎረቤት አደራ ብሎ ካሴት ፍለጋ ወጣ። ያን ሁሉ ካሴት የሸጠ ሰው አንድ እንዴት ያጣል? ኡካ ላይ አንድ ሆቴል ውስጥ አገኘ፤ መዝሙር ተቀድቶበታል። ኖፓ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ በደስታ አወጣለት፤ ክሩ ተበልቶ እንደ ጭድ ተጠቅልሏል። ሌላው ሁሉ «ጋሼ፣ ዛሬ ማን ካሴት አለው?» ነው። በሦስተኛው ቀን ገለኔ ትዝ አለችው፤ ቡና ሸጣ አንድ ካሴት ሳትይዝ ወደ ዳሪሙ ተመልሳ የማታውቅ ደንበኛው። መኪናው ካቆመበት በእግሩ ጭቃውን እየዳከረ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ደረሰ።

ገለኔ አርጅታለች፤ እሱን ግን አወቀችው። የድሮ ካሴት እንዳላት ሲጠይቃት አንዱን ከሣጥኗ ሥር በጨርቅ እንደተጠቀለለ አወጣችው። ከመስጠቷ በፊት ድምፅዋን እንደ ሕፃን አቅጥና «ደጌፈዳ!» አለችና በራሷ ሳቀች። ከዚያ፣

«ሙጨዮን ሱን ነጋ ዳ?» ብላ ጠየቀችው። ያቺ ልጅ ደህና ናት? ይሄኔ እኮ የልጆች እናት ሆናለች።

ዲበኩሉ ደህና ናት ሊል ነበር። አፉ ግን፣

«ዱቴ» አለ።

ሞታለች። በአማርኛ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያልወጣው ቃል በኦሮምኛ ወጣ። ገለኔ ደረቷን ይዛ መሬት ተቀመጠች፤ እሱም አጠገቧ ተቀመጠና በቀብሯ ቀን ያላለቀሰውን እዚያ፣ የሰው ደጃፍ ላይ አለቀሰው። ሴትዮዋ እጁን ያዘች እንጂ በቃህ አላለችውም።

መቱ ሲመለስ ሃይማኖት አለች፤ የቀራት ዘጠኝ ቀን መሆኑን ማንም አላወቀም። ረድዋን ቴፑንና ገመዱን ይዞ ከአልጋው አጠገብ ዘረጋ። ይህም ካሴት አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚዞር ሦስቱም ያውቃሉ። ዲበኩሉ ማጫወቻውን ተጫነው።

ድምፁ ወጣ፤ ግን ዝግ ብሎ፣ ወፈር ብሎ። «ሶር... ሙዚቃ ቤት... መቱ...» የልጅ ድምፅ አይደለም፤ የደረሰች ሴት ድምፅ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ሳቅ እንኳ ተረጋግታ፣ እርጋታ ያላት እመቤት የምትስቀውን መሰለች።

የዲበኩሉ ሙያ ብድግ አለ። «የቴፑ ላስቲክ ረግቧል፤ ያን ሁሉ ካሴት ስናዞርበት ነው። ረድዋን፣ ፍጥነቱን ከፍ አድርገህ አስተካክለው።»

«ቀላል ነው ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ገብቷል» አለ ረድዋን።

ሃይማኖት እጇን አነሣች። ዓይኗ ስፒከሩ ላይ ነው።

«ተዉት» አለች። «አድጋ ነው። ዘንድሮ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ አይደል?»

ዲበኩሉ ላስቲኩ ነው ሊላት አፉን ከፈተ። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«አዎ፣ አድጋለች» አላት፤ ረድዋንንም እንዳለ እንዲያስቀምጠው ነገረው።