በማርያም ቀን የተገጠመው እጅጌ

በቀበሌው አዳራሽ ልብስ ስፌት ማስተማር የጀመርኩ ዕለት፣ ገና ከመቀመጤ የአንዷን ጨርቅ ከእጇ ነጠቅኩ። ስፌቷ ጠማማ ነበር። «እንዲህ ነው» አልኩና ራሴ ሰፍቼ መለስኩላት። የጎረቤቷንም ነጠቅኩ። እስኪመሽ ከማሽን ማሽን ስዘል ዋልኩ። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ከአፌ እጄ ይፈጥናል።

ተማሪዎቼ ልጅ ያሳደጉ፣ መርፌ እንጂ ማሽን የማያውቁ የላሊበላ ሴቶች ነበሩ። የመጨረሻውን ፈተና ያለፉት በማኅበር ተደራጅተው ስፌት ቤት ሊከፍቱ ነው። የወደቀች ከማኅበሩ ትቀራለች።

ከተማሪዎቼ አንዷ፣ ዘይነባ፣ በትምህርቱ ወደ ኋላ ቀረች። አርብ ጁምዓ አለባት። በማርያም፣ በሚካኤል፣ በጊዮርጊስ ደግሞ እኛ መርፌ ስለማንነካ በሩ ይዘጋባታል።

አስተባባሪያችን፣ የልጄ እኩያ ነው፣ «እማማ የሺ፣ ዘይነባ በሚቀጥለው ዙር ትምጣ» አለኝ።

«በር ዘግተንባት ለምን ቀረሽ ይባላል?»

«ታዲያ እርስዎ በማርያም ቀን ሊሰፉ ነው?»

«እጄ አይነካም። አፌ ግን በዓል የለውም።»

«እሱንማ አገር ያውቀዋል» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ።

በማርያም ዕለት ከተራራው ከአሸተን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ወርጄ፣ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከትቼ ከዘይነባ ፊት ተቀመጥኩ። የግራውን እጅጌ ከቀኙ ትከሻ አጋጠመችና ማሽኑን እየረገጠች ሰፋችው። ጣቶቼ ተቁነጠነጡ።

«ቁሚ!»

«ምን አጠፋሁ?»

ነጥቄ እንዳላሳያት ዕለቱ ማርያም ናት። ቃል ፈለግኩ። «ልበሺውና ክንድሽን ወደ ፊት ዘርጊ።»

ዘረጋች። ጨርቁ ጀርባዋን ያዛት። ቆማ አሰበችና «ተገላብጧል» አለች። ፈታችው። ስትደግመው ተጨማደደ፤ አሁንም ፈታችው። እኔ ባዶ ወለል እረግጣለሁ።

«ወላሂ እማማ፣ እግርዎ እየሰፋ ነው። እሱስ አይከለከልም?»

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አልኳት።

በሦስተኛው እጅጌው ልክ ገባ። እስከ ፈተናው ድረስ በየበዓሉ እንዲሁ ተቀመጥን።

በፈተናው ቀን ከበር ውጭ እንድቆም ተደረገ። በመስኮት አያለሁ። ዘይነባ እጅጌውን ፊት ለፊት ዘርግታ ግራና ቀኙን ለየችና ሰፋችው። ከሌሎቹ ብዙዎቹ ማሽኑን አቁመው ወደኔ ያያሉ። ጨርቃቸውን ዘወትር ስነጥቃቸው ከርሜ፣ እጅጌ ገጥመው አያውቁም።

ዘይነባ አለፈች። ለወደቁት ፈተናው እንዲደገም ከአስተባባሪው ጋር ተከራከርኩ፤ እሺ ሲል እንደገና አስተማርኳቸው። እጄ ነጠላዬ ውስጥ ነበር፤ ቀኑ ግን በዓል ሳይሆን የሥራ ቀን ነበር።

አስተማሪ የተማሪን ጨርቅ አይንካ።