ወንድሜን ያደነቆረው ስልክ

መጀመሪያ የታመመው አውራ ጣቱ ነው። የቀኝ እጁ አውራ ጣት ከሥሩ አብጦ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። ያየው ጎረቤት ሁሉ "ሳይለምድ ሞፈር ይዞ ነው" አለ። ሞፈሩን በዓይኑም አላየውም። ኮሮና ገብቶ ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ወንድሜ ሀብታሙ እኔ ዘንድ ወገዳ ከተማ መጥቶ፣ አልጋ ላይ ተጋድሞ ስልክ ሲያሻሽ ነበር የሚውለው።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። የእኛም ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር የስልኩ በሽታ ሲገባበት በቅርብ አይቻለሁ። "ትምህርቱን በቴሌግራም እየላኩልን ነው" ይለኛል። ልከውለታል፤ የከፈተው ግን የመጀመሪያውን ሰሞን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አጫጭር ቪዲዮ፣ ጌም፣ ፊታቸውን አይቶ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በፌስቡክ መሰዳደብ ሆነ። የሚደግፉትን "ወንድሞቼ" ይላቸዋል። በኋላ ሲጠፋ አንዳቸውም "ምን ሆነህ ነው?" አላሉትም፤ አብሯቸው የሚጮህ ሌላ ሰው አገኙ። ዓይኑ ቀላ፤ ከሳ፤ ገላውን መታጠብ ተወ። እኔ ስንፍና ነው ብዬ እሰድበዋለሁ። ጎረቤቶቼ ደግሞ "ተዪው፣ የተማረ ሰው ሥራው በስልክ ነው" እያሉ ያደንቁታል።

ክረምቱ ሲገባ አባታችን ትኩሳትና ሳል ይዟቸው ከገጠር መጡ። ጤና ጣቢያ የሳንባ ምች ነው ተባሉና መድኃኒት ጀመሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀረውን መድኃኒት ላመጣ ስወጣ ሀብታሙን "አባባን አደራ፣ ውኃ ስጣቸው" አልኩት። "እሺ" አለ።

ስመለስ አባቴ መሬት ላይ ናቸው። ከመደቡ ወድቀዋል። ከንፈራቸው ደርቋል። ውኃው እንዳለ ነው። ሀብታሙ እዚያው ክፍል ውስጥ አለ። ኢርፎን ሰክቷል። ቀና አላለም።

አነሳኋቸው። ውኃ አጠጣኋቸው። ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ "ብጠራው፣ ብጠራው አይሰማኝም። ልጄ ደንቁሯል። ሐኪም ቤት ውሰጂልኝ" አሉኝ። ጆሮው ላይ የሰካውን ነገር ለሕመም ያደረገው መስሏቸዋል።

ሀብታሙ ይህን ሰማ። ኢርፎኑን አወጣ። አለቀሰ። እኔ አላዘንኩለትም።

አባባ ከተሻላቸው በኋላም ስለ ጆሮው አለቀቁኝም፤ ልባቸው እንዲያርፍ ብዬ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ ሁለቱንም ጆሮ አይቶ "ጤነኛ ነው" አለ። የጣቱ እብጠት ደግሞ ስልክ ከማብዛት የመጣ የጅማት ብግነት ነው፣ ቴንዶናይተስ ይባላል አለ። አባባ እንዴት እንደወደቁ ስነግረው ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ላከን። እዚያ ያለችው ሐኪም ስትጠይቀው፣ ትምህርቱ ተመልሶ የሚከፈት እንደማይመስለው፣ ስልኩን ሲያስቀምጥ ደረቱን እንደሚያፍነው ነገራት። ለእኔ አንድም ቀን አልነገረኝም።

"ዲፕሬሽን አለበት። ስልኩ መደበቂያው ነበር፤ አሁን ሱስ ሆኖበታል" አለችኝ።

"ልስበረውና ይገላገል" አልኳት።

"ብትሰብሪው ሌላ ይፈልጋል። ስድብሽም መድኃኒት ቢሆን ኖሮ እስካሁን በዳነ ነበር።"

መድኃኒት ጀመረ፤ እየተመላለሰም ከእሷ ጋር ይነጋገር ነበር፤ ስልኩን ጠዋት ትምህርቱን ሊያወርድበት ወስዶ ለእኔ ይመልሳል። መጀመሪያ ላይ ይነጫነጫል፣ ጣቱ ባዶውን ይንቀሳቀሳል፣ አንዴም ከአክስታችን ልጅ ስልክ ተውሶ ጓሮ ተደብቆ አገኘሁት። ገብስ ሲደርስ ግን ከአባባ ጋር ወደ ገጠር ወረደ፤ እዚያ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለምና፣ ሲያጭድና ነዶ ሲሸከም እየዋለ፣ ሲመሽ ደክሞት እንቅልፍ እየወሰደው፣ ቀስ በቀስ ሰው ሲያናግረው ዓይን ዓይኑን እያየ የሚመልስ ልጅ ሆነ። አውድማ ላይ ሳሉ "አባባ፣ ያኔ ጆሮዬ ደኅና ነበር፤ ያልሰማሁዎት በስልኩ ነው" ብሎ ነገራቸው። አባባ "እንግዲያው ከጆሮ ሕመም የባሰ ኖሯል" አሉና መንሹን አቀበሉት።

ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ተመልሶ ትምህርቱን ጨረሰ። "ለጆሮ ነው የመጣነው" ስለው ሳይስቅብኝ አጥብቆ የመረመረልኝን ሐኪም፣ ወንድሜንም ያናገረችልኝን ሐኪም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ የሚያደንቀውን ጎረቤት አትስሙ። ጠበልም ውሰዱት፣ ሐኪሙን ግን አታስቀሩ። ከምን እየሸሸ እንደሆነ በእርጋታ ጠይቁት። ልጁን አትስደቡ። መሳደብ ካማራችሁ ስልኩን ስደቡ፤ እኔ እስካሁን አላቆምኩም።